ለማንም እግር የማይሆን ከፍታ

ነመራ ሞቶ የተገኘው ከገዛ እጁ ሥራ ጥቂት ራቅ ብሎ ነው። ጠዋት ለማስተማር የሥራ ክፍሉን በር ገፍታ የገባችው የፒያኖ መምህሯ ዝማሬ ስትጮህ የባኬ ጃማ ሰፈር ጎረቤት ሁሉ ደረሰ። ሟቹ በጀርባው ተንጋሏል። የፒያኖው ወንበር ተገልብጧል። ከበስተኋላ ባለው የሥራ ጠረጴዛ ላይ የታሰረው ሞርሳ፣ ያ ብረት ነክሶ የሚይዘው ከባድ መንጋጋ፣ አንድ ጥጉ በደረቀ ደም ጠቁሯል።

ኢንስፔክተር ድርቤ ስትደርስ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። በነቀምቴ ክረምት ቀይ ጭቃ ይዞ ሰው ቤት የሚገባ ወዳጅ አያተርፍምና፣ ፖሊስ ብትሆንም ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ ገባች። አጠር ያለች፣ ሞላ ያለች፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያልጠገበች የምትመስል ሴት ናት። ይህን አይተው ነገር ያመልጣታል ብለው የተሳሳቱ ብዙዎች ዛሬ ማረሚያ ቤት ናቸው።

«አከም ቡልተን፣ አዴ ድርቤ፤» ሲል ሳጅን ቢራቱ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አላት። «ነገሩ ቀላል ነው። ትናንት ሊመሽ ሲል መብራት ጠፍቶ ነበር። ሰውዬው ፒያኖ ሲጫወት ቆይቶ በጨለማ ሲነሣ ወንበሩ አደናቀፈው። ወደ ኋላ ወደቀ፣ ሞርሳው ተቀበለው። በቃ።»

«ናጋ፣ ቢራቱ። ሳይረፍድ የሚያልቅ ሥራ እግዜር ለእኔም ይስጠኝ። በእጁ የያዘው ምንድን ነው?»

«ካቻቢቴ ነው።»

«አሁን ደግሞ ፒያኖ በካቻቢቴ መጫወት ተጀመረ?»

ቢራቱ አንገቱን አከከ። በዚህ መሐል ከውጭ የሴት ጩኸት ተሰማ። የሟች ሚስት ቀለሟ ናት።

«ገዳይዋ እዚያው ውስጥ ቆማ ፖሊስ ምን ይፈልጋል? መጀመሪያ ልቡን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ነፍሱን! አውጧት ለእኔ!»

የሟች ወንድሞች አጉረመረሙ፤ ሕዝቡ ወደ በሩ ተጠጋ። ጥግ ላይ ቆማ ስታለቅስ የነበረችው ዝማሬ ለቅሶዋን ዋጠች። ከወሎ በሥራ ተመድባ የመጣች፣ በከተማው አንድ ዘመድ የሌላት ወጣት መምህርት ናት። ድርቤ ሕዝቡንም ልጅቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። ቀብሩ ነገ ነው። እስከዚያ እውነቱ ካልወጣ፣ ዝማሬ ጥፋት ኖረባትም አልኖረባት፣ በዚህ ከተማ ውላ እንደማታድር ገባት።

ከዚያ ወደ ፒያኖው ዞረች። በሥሩ ያለውን ዕቃ ነቀምቴ በሙሉ በወሬ ያውቀዋል። የፒያኖ ፔዳል፣ ድምፁ እንዲረዝም በእግር የሚረገጠው መርገጫ፣ ከወለሉ ብዙ ከፍ አይልም፤ እግሩ የማይደርስ ልጅ ከፒያኖው ግማሹን ብቻ ነው የሚያገኘው። ነመራ ለትንሿ ልጁ ለኬኔ ብሎ የብረት ሳጥን ሠራ። በሳጥኑ ላይ ሌላ ጥንድ መርገጫ አለ፤ በቀጫጭን ዘንጎች ከታችኛው ፔዳል ጋር ተያይዟል። በጎኑ ያለውን እጀታ ሲያዞሩት መሐሉ ላይ የቆመው ጥርሳም ቡሎን መርገጫዎቹን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋቸዋል። ሳጥኑ በቅርቡ አዲስ አበባ ለኤግዚቢሽን ሊሄድ ነበር።

የድርቤ እናት ሲሬ ከተማ መንገድ ዳር ልብስ ሰፊ ነበረች። ድርቤ ልጅ ሳለች የስፌት መኪናዋን መርገጫ ለመርገጥ እየሞከረች፣ እግሯ አልደርስ እያለ ያለቀሰችውን ልቅሶ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ፎቶው ሁሉ ከተነሣ በኋላ ወንበሩን አቆመችና ተቀመጠችበት። እግሯን መርገጫው ላይ ስታሳርፍ ጉልበቷ ከፒያኖው ሆድ ጋር ተጋጨ።

«ቢራቱ፣ ከእኔና ከሟቹ ማን ይረዝማል?»

«እሱም አጭር ነበር። ቢሆንም ትንሽ ይበልጥዎታል።»

«ታዲያ እኔን ያላስቀመጠ ፒያኖ እሱን እንዴት አስቀመጠው? ተነሥቶ ለመውደቅ እኮ መጀመሪያ መቀመጥ ያስፈልጋል።»

ከሥራ ጠረጴዛው ላይ ጠመኔ አነሣችና መርገጫው በቆመበት ልክ በፒያኖው እግር ላይ መስመር አሰመረች። መስመሩን በጨርቅ ሸፈነችው። ከዚያ ሬሳው ወደ ሆስፒታል እንዲወሰድ አዝዛ ዝማሬን ጠራቻት።

«አብሽሪ፤» አለቻት በልጅቱ አገር በወሎ ቃል። ልጅቱ ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንደገና ሞላ። «በዚህ ዕቃ ላይ እግሩን ያሳረፈ ማን ማን ነው?»

«እስካሁን አራት ሰው ብቻ ነው። እኔ፣ ነመራ፣ ኬኔ፣ እና ኦቦ ዮሚፍ። ኦቦ ዮሚፍ ነመራን ያስተማሩት ናቸው። ረጅም ስለሆኑ ለእሳቸው ታች እስኪቆም ይወርዳል። ለኬኔ ላይ እስኪቆም ይወጣል። መሐል ያለነው እኔና ነመራ ነን። ታች እናወርደውና የየራሳችንን ዙር ቆጥረን እናወጣዋለን። የእኔ አራት ነበር፤ የእሱ ስምንት።»

«ሳታዩት?»

«ምኑን እናየዋለን? ከፒያኖው ሥር ነው፣ ጨለማ ነው። እጃችን ለምዶታል።»

«አሁን የቆመበትስ የማን ልክ ነው?»

ዝማሬ ጎንበስ ብላ አየችው። ቅንድቧ ተሰበሰበ።

«የማንም አይደለም። ለኬኔ ያንሳል፤ ለነመራም ለእኔም ይበዛል። እንዲህ አድርገነው አናውቅም።»

«ትናንት የት ዋልሽ?»

«ከሰዓት ኬኔን እዚሁ አስተማርኳት። ማዞሪያው ስለፈጠነላት በሳቅ ፈርሳ ነበር። ከዚያ ለእናቷ አድርሻት ቤቴ ገባሁ። ብቻዬን ነበርኩ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ብቻውን የሚኖር ሰው ምስክር ከየት ያመጣል?»

«ኦቦ ዮሚፍስ?»

«አርጆ ከተማ ናቸው። መዘምራን ሲያሠለጥኑ ሰነበቱ።»

ቀለሟን ወደ ውስጥ ብትጠራት «እሷ ባለችበት አልገባም» ስላለች ድርቤ ራሷ ወደ በረንዳው ወጣችላት። ሴትየዋ መልከ መልካም ናት፤ ሐዘኑ ፊቷን ቢያጠወልገውም ቁጣው ቀጥ አድርጎ አቁሟታል።

«ያ ሳጥን ጣውንቴ ነው፤» አለች። «የሌላዋ ባል ውሽማ ይይዝባታል፤ የእኔ ብረት ያዘብኝ። እሱንም ቻልኩት። ይቺ ስትመጣ ግን ቤቴ በሙሉ ተወሰደ። ልጄ እንኳ ‹ዝማሬ እንዲህ አለች› ከማለት በቀር አፍ የላትም። ቀናሁ፤ አዎ፣ ቀናሁ! ያልቀናች ሚስት ካለች አሳይኝ።»

«አላሳይሽም። ትናንት ማታ መጥተሽ ነበር?»

ቀለሟ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠመዘዘችው።

«ለራት ልጠራው መጣሁ። ሊመሽ ሲል ነው፣ መብራት እንደጠፋ። አጥሩ ጋ ስደርስ ፒያኖ ሰማሁ።»

«እሱ ነበር የሚጫወተው?»

«አልነበረም። የባሌን እጅ አላውቅምና ነው? እሱ ሲጫወት እንደ ዶሮ ቶሎ ቶሎ ነው የሚለቅመው። ያኛው ቀስ ብሎ፣ ድምፁን እንደ ማር እየሳበ ነበር። ‹እሷ ናት፤ በጨለማ ቁጭ ብላ እየተጫወተችለት ነው› አልኩ። ገብቼ ጸጉሯን ልነጨው ነበር። መልሼ አፈርኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።» ቀና ብላ አየቻት። «ገብቼ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ፣ አዴ ድርቤ?»

ድርቤ ትከሻዋን ነካ አድርጋት ብቻ ተመለሰች። በሩ ላይ ቢራቱ የእጅ ሰንሰለቱን አውጥቶ ይጠብቃት ነበር።

«እንግዲህ ለየለት፤» አለ። «ከነመራና ከትንሿ ልጅ ሌላ በከተማው ውስጥ የነበረ በዚህ ዕቃ መጫወት የሚችል ሰው እሷ ብቻ ናት። ልያዛት?»

«ሰንሰለትህን ኪስህ ክተት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆንብን።»

ቀጥሎ የመጣው ሮቤራ ነው። የቶርኖ ቤት ባለቤት ነው፤ ለዕቃው የሚያስፈልገውን ብረት በሙሉ የቆረጠውና የበየደው እሱ ነው። ቱታውን እንደለበሰ መጥቶ ሬሳው የነበረበትን ቦታ ሲያይ፣ ያ ግዙፍ ሰው እንደ ልጅ አለቀሰ።

«ትጣሉ ነበር ይባላል፤» አለችው ድርቤ እስኪረጋጋ ጠብቃ።

«ሐሰት ምን ያደርግልኛል? ቀንቼበት ነበር። የተቃጠለው እጅ የእኔ፣ ለኤግዚቢሽኑ የተጠራው ስም የነመራ! ነግሬዋለሁ፤ ‹ይስተካከላል፣ የሁሉም ስም ይኖራል› አለኝ። ብቀናም ሥራውን አልተውኩም። ትናንት እንኳ እስከ ምሳ ድረስ ስሠራለት ነበር።»

«ምን ሠራህለት?»

«አዲስ ቡሎን። የድሮው ከአሮጌ የመኪና ክሪክ የወጣ ነው፤ ጥርሱ ደቃቅ ስለሆነ ለኬኔ እስኪወጣ ክንድ ይዝል ነበር። አዲሱን ጥርሱን አሰፋሁለት። ድሮ ሁለቴ የሚዞረው አሁን አንዴ ይበቃዋል። ከምሳ በፊት ገጠምነው፣ ከሰዓት ዝማሬና ኬኔ ሞከሩት።»

ድርቤ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ቢራቱ እንቅልፍ ወሰዳት ብሎ ደነገጠ።

«በሌላ ነገርስ አልተከራከራችሁም?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«በአንድ አሮጌ እንጨት ተከራክረናል። ሳጥኑ ውስጥ ከቡሎኑ ሥር የተቀመጠ ነው። አውጥተን ብረት እናድርግበት፣ አዲስ አበባ ሲያዩት ይስቁብናል ብዬ ለመንኩት። ‹ይኼ አይወጣም፤ ዕቃው በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው› ብሎ ድርቅ አለ። ግትር ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«መብራት ሲጠፋ የት ነበርክ?»

«ቶርኖ ቤቴ ደጃፍ ላይ። ማሽን ሲቆም ምን እንሠራለን? ከሠራተኞቼ ጋር ወሬ ይዘን አመሸን።»

ዮሚፍ የደረሱት ከዚህ በኋላ ነው። ቀጥ ያሉ፣ ረጅም፣ ሽበታም ሰው ናቸው። በነቀምቴና በዙሪያዋ ፒያኖ የነካ የአገሬው ሰው ሁሉ ወይ የእሳቸው ተማሪ ነው፣ ወይ የተማሪያቸው ተማሪ ነው። የመንገድ ቦርሳቸውን እንዳንጠለጠሉ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አወለቁና ገቡ።

«ኢልማ ኮ!» አሉ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው። «ልጄን! ልጄን! ከመኪና ስወርድ ነው የነገሩኝ።»

«ዛሬ ነው የመጡት፣ ባርሲሳ?» ድርቤም እንደ ከተማው ሰው ‹መምህር› በሚለው የኦሮምኛ ቃል ነው የጠራቻቸው።

«አሁን። ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ከአርጆ ተነሣሁ።»

«ይቀመጡ። እስቲ ስለ ነመራ ይንገሩኝ።»

«ምን ልንገርሽ? ሕፃን ሳለ ነው እናቱ ያመጣችልኝ። እግሩ ፔዳሉ ጋ አይደርስም። ሌላው መምህር ‹ሲያድግ ይምጣ› ብሎ መልሶታል። እኔ ግን ዋንዛ ቆርጬ ፔዳሉ ላይ አሰርኩለት። ያቺ ቁራጭ እንጨት ናት ያስተማረችው።» ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ወዲያው ከሰመ። «ዛሬ ‹ነመራ ፈለሰፈ› ይባላል። ይባል። የሚጠጣ ሰው ጥማቱን እንጂ ምንጩን መች ይጠይቃል?»

«አስቀይሞዎታል ማለት ነው?»

«መምህር በተማሪው አይቀናም።»

«እኔ ቅናት አላልኩም፤» አለች ድርቤ በዝግታ።

ሽማግሌው ቦርሳቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ድርቤ አዲስ ነገር እንዳልሰማች ሰው አዛጋች። ቢራቱን በጆሮው አንድ ነገር ነግራ ወደ መናኸሪያ ላከችውና ሁሉም ከሰዓት ተመልሰው እንዲገናኙ አዘዘች። በመሐሉ ስለ ምርመራው አንዳቸው ከሌላው ጋር እንዳይነጋገሩ በየአጠገባቸው ፖሊስ አስቆመች።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሞላ። ቀለሟ ከሟቹ ሁለት ወንድሞች ጋር በሩ አጠገብ ቆመች። ዝማሬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ዮሚፍና ሮቤራ ከፒያኖው ጎን ናቸው። ማንም ማንንም አያይም። ከመናኸሪያ የተመለሰው ቢራቱ ድርቤን በጆሮዋ ሲነግራት ራሷን ነቀነቀች።

«አላስቆያችሁም፤» አለች። «አንድ ፎቶ ብቻ ይቀረኛል። ይህ ዕቃ ለነመራ ሲስተካከል እንዴት እንደሚሆን መዝግቤ መያዝ አለብኝ። ባርሲሳ፣ ልኩን ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ እስቲ ያስተካክሉልኝ።»

ሮቤራ አፉን ሊከፍት ሲል በዓይኗ አስቆመችው። ዝማሬም ከንፈሯን ነከሰች። ዮሚፍ ቀስ ብለው ተንበረከኩ። እጀታውን ወደ ታች አዞሩት፣ እስኪቆም። ከዚያ ወደ ላይ ማዞር ጀመሩ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ እጃቸው ያለ አንዳች ጥርጣሬ ዞረ። ስምንት ሲሞላ ቆመ።

ድርቤ ጨርቁን ከፒያኖው እግር ላይ ገፈፈችው። መርገጫው ጠዋት ካሰመረችው የጠመኔ መስመር ጋር ልክ ለልክ ገጥሟል።

«ባርሲሳ!» አለ ሮቤራ ከዚህ በላይ መቻል አቅቶት። «ምን አደረጉ? ይኼ ለነመራ አይሆንም እኮ! አራት ነው አሁን፣ ስምንት አይደለም!»

ዮሚፍ ጎንበስ ብለው መርገጫውን አዩት። በቀን ብርሃን ልብ ብለው ሲያዩት ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ልንገራችሁ፤» አለች ድርቤ፣ አሁን ድምፅዋ ላይ ድካም የለም። «ሳጅን ቢራቱ፣ ሰውዬው ፒያኖ ተጫውቶ ሲነሣ ወደቀ ብሎ ነበር። ግን ሟቹ ካቻቢቴ ይዟል። ፒያኖ የሚጫወት ሰው ሁለት እጁ ባዶ ነው። ስለዚህ ሲሞት ቆሞ ነበር፣ የሥራ ጠረጴዛው አጠገብ። ወንበሩን የገለበጠው ሌላ ሰው ነው።

«ቀጥሎ መርገጫው። እዚህ ከፍታ ላይ ነመራ ተቀምጦ ሊጫወት አይችልም፤ ማንም አይችልም። እንግዲህ መርገጫውን ወደዚህ ያመጣው ሰው ሊጫወትበት አይደለም። ሌሎች እንዲያዩት ነው። ‹ነመራ ብቻውን ሲጫወት ነበር› እንድንል። ለምን ይህን አስፈለገው? መርገጫው በራሱ ልክ ቆሞ ስለነበረ ነዋ! እንዲሁ ትቶት ቢሄድ፣ ማን እንደተጫወተ ዝማሬ አንዴ አይታ ትነግረኝ ነበር።»

ቀለሟ ወደ ዝማሬ አየች። «ፒያኖውን የሰማሁት እኔ ነኝ፤» አለች። «ነመራ አልነበረም።»

«አልነበረም። የሰማሽው ድምፁን እንደ ማር የሚስብ ሰው ነው፤ ፔዳሉን እየረገጠ ነበር ማለት ነው። በዚህ ዕቃ እንዲያ መጫወት የሚችሉት ሁለት ናቸው፣ ዝማሬና ኦቦ ዮሚፍ። አሁን ስሚኝ። ያ ሰው ነመራ ከወደቀ በኋላ በጨለማ ተንበርክኮ በለመደው እጁ የነመራን ዙር ቆጠረ። ስምንት። አልተሳሳተም፤ የድሮው ቡሎን ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር። ያላወቀው ነገር ቢኖር ቡሎኑ በዚያው ቀን መቀየሩን ነው። ሮቤራ ያውቃል፤ የቆረጠው እሱ ነው። ቀለሟ፣ አንቺ ዙሩን አታውቂም፤ ጣውንትሽን እንኳን ልታዞሪ ቀርበሻት አታውቂም። ዝማሬ ደግሞ ከሰዓት በዚሁ ቡሎን ኬኔን አስተምራለች። እሷ ብትሆን አራት አዙራ ጨርሳ ትሄድ ነበር፤ እኔም እስከ ዛሬ ማታ ‹ተደናቅፎ ወደቀ› ስል እውል ነበር።»

 ዝማሬ እጆቿን ፊቷ ላይ አደረገች።

«አለማወቅ ወንጀል ነው እንዴ?» አሉ ዮሚፍ ቀጥ ብለው ተነሥተው። «አላወቅሁም። አርጆ የነበረ ሰው ከየት ሊያውቅ ይችላል?»

«አለማወቅስ ወንጀል አይደለም። ግን ትናንት ማታ ይህን እጀታ ያዞረው ሰው አላወቀም ነበር፤ ከሚያዞሩት ውስጥም ያላወቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ቢራቱ መናኸሪያ ሄዶ ከአርጆ የሚመላለሱትን ሹፌሮች ጠይቋል። አንደኛው ልጅ ሆኖ እርስዎ መዝሙር አስተምረውታል። ‹ትናንት ከሰዓት ባርሲሳን ፊት ወንበር አስቀምጬ አመጣሁ፣ ሒሳብም አልተቀበልኩ› ብሎ በኩራት ነው የተናገረው። ሰው ስለሚወድዎት ተደብቀው መምጣት አይችሉም፣ ኦቦ ዮሚፍ።»

ሽማግሌው ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።  ሲናገሩ ድርቤን ሳይሆን ፒያኖውን እያዩ ነበር።

«ልጎዳው አልመጣሁም። ዕቃው አዲስ አበባ ሳይሄድ ልየው ብዬ ነው። ወደ ታች አወረድኩት፣ ተቀመጥኩ፣ ተጫወትኩ። ያምራል። እጅግ ያምራል። መጥፎ ቢሆን ኖሮ አቅፌው፣ ‹አይዞህ› ብዬው እሄድ ነበር። ማማሩ ነው ያቃጠለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ አስተምሬ፣ አንድ እንኳ በስሜ የሚጠራ ነገር የለኝም። ‹የእኔ ስም የት አለ?› አልኩት። ሳቀ። ‹ቆይ ባርሲሳ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት› ብሎ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። እየጠየቅሁት ጀርባውን የሰጠኝ መሰለኝ። መልሶ ሲዞር ገፋሁት። አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት።»

«ከዚያ ሰው አልጠሩም፤» አለች ድርቤ።

«አልጠራሁም። ስሜን አሰብኩ።»

ቀለሟ ተንሰቅስቃ ስታለቅስ አንደኛው ወንድም ወደ ሽማግሌው ተራመደ። ቢራቱ መሐል ገባ። ድርቤ ግን ማንንም አላየችም። ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከቆየው ማስረጃ ውስጥ ካቻቢቴውን አወጣች።

«ከጠዋት ጀምሮ ያስቸገረኝ ይህ ነው፤» አለች። «በጨለማ ካቻቢቴ ምን ያደርግለታል እያልኩ ነበር። ሊያሳይዎት የፈለገውን አላዩትም አይደል?»

ተንበረከከችና የሳጥኑን ጎን የያዙትን ትንንሽ ቡሎኖች አንድ በአንድ ፈታቻቸው። የብረቱ ሽፋን ሲነሣ አዲሱ ቡሎን ብልጭ አለ። ከሥሩ፣ ክብደቱን ሁሉ ተሸክሞ፣ አንድ የጠቆረ የዋንዛ ቁራጭ ተቀምጧል። ጠርዙ ላይ የድሮ ማሰሪያ ቀዳዳዎች አሉ። መሐሉ በትንሽ ልጅ እግር ተበልቶ ጎድጉዷል።

«‹ይኼ አይወጣም› ያለኝ ይህን ነው፤» አለ ሮቤራ በደከመ ድምፅ። «የማን እንደሆነ አልነገረኝም። ‹የሁሉም ስም ይኖራል› ሲለኝ…» 

ዮሚፍ እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸው ጉድጓዱ ላይ አረፈ። ጠዋት በሩ ላይ ጮኸው ያሉትን ቃል አሁን ማንም በማይሰማው ድምፅ ደገሙት።

«ኢልማ ኮ።»

ሲወስዷቸው እጃቸው ታስሮ ስለነበር ደጃፉ ላይ ጫማቸውን ማድረግ አቃታቸው። ቢራቱ ጎንበስ ብሎ አደረገላቸውና ክሩን አሰረላቸው። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀ፤ የሰደባቸውም የተማጠነላቸውም አልነበረም።

ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። ቀለሟ ጠዋት «አልገባም» ያለችበት ክፍል መሐል ቆማ የተከፈተውን ሳጥን ታያለች። ዝማሬ ልትወጣ ስትል ጠራቻት።

«ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ቅናቱ ገና ከልቤ አልወጣልኝም፤» አለቻት። «አጥሩ ጋ ቆሜ፣ አንቺ ነሽ ብዬ ነው የተመለስኩት። በአንቺ ቀንቼ ነው ባሌን ትቼው የሄድኩት። ይህን ይዤ ነው የምኖረው።»

ዝማሬ በሩ ላይ ቆመች።

«ኬኔ ፒያኖዬ ትለኛለች። ነገ ባይሆን ከነገ ወዲያ ትለኛለች።» ቀለሟ እጀታውን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጇ ያዘችው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። «እኔ ዙሩን አላውቀውም።»

ዝማሬ ተመልሳ አጠገቧ ተንበረከከች።

«ለኬኔ ቁጥር የለውም፤» አለቻት። «ላይ እስኪቆም ነው።»